ትክክለኛውን የፍሬን ዘይት ስለመጠቀም ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

የፍሬን ዘይት አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ የሚፈጠረውን ግፊት ወደ ጎማዎቹ ፍሬን የሚያደርስ ፈሳሽ ነው። በተለምዶ «ዘይት» ተብሎ ቢጠራም በአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች፣ ሚኒባሶችና ፒክአፖች ውስጥ የሚገኘው ግላይኮል ከተባለ ኬሚካል የሚዘጋጅ በመሆኑ ከሞተር ዘይት ፈጽሞ የተለየ ነው። ይህን ልዩነት ካለመገንዘብ የተነሳ በፍሬን ዘይት ፋንታ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት መጨመር ለከባድ አደጋ ይዳርጋል።

የፍሬን ዘይት ዓይነቶች

የፍሬን ዘይት ደረጃ ዶት 3፣ ዶት 4፣ ዶት 5 እና ዶት 5.1 በሚል ይገለጻል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶት 4 እስከ 230፣ ዶት 5 እና ዶት 5.1 ደግሞ እስከ 260 ሳይፈሉ ሙቀትን መቋቋም ይጠበቅባቸዋል። ሆኖም ቁጥሩ ከፍ ያለ ሁሉ ለማንኛውም ተሽከርካሪ ይሆናል ማለት አይደለም። ዶት 5 የሚሠራው ከሲሊከን በመሆኑ ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም።

የሚያስከትለው ጉዳት

የሞተር ዘይት በፍሬን ሥርዓቱ ውስጥ የሚገኙትን ጎሚኒዎች ያሳብጣል፤ ያበላሻልም። በዚህም ምክንያት ፍሬኑ ተይዞ ሊቀር ወይም ጨርሶ ሊከዳ ይችላል።

ትክክለኛው ዘይትም ቢሆን ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ ከጊዜ በኋላ አቅሙ ይቀንሳል። የውኃ መጠኑ 3.7 በመቶ በደረሰ ጊዜ የዶት 3 ዝቅተኛው የመፍያ መጠን ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ወይም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በመሳሰሉ ረጃጅም ቁልቁለቶች ላይ ፍሬን ደጋግሞ መርገጥ ከፍተኛ ሙቀት ይፈጥራል። ዘይቱ በሚፈላበት ጊዜ የሚፈጠረው እንፋሎት በቀላሉ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ተሽከርካሪው ግን አይቆምም።

ከአሽከርካሪዎችና ከባለንብረቶች የሚጠበቁ ጥንቃቄዎች

• በዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ወይም በተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈውን ደረጃ ማንበብ፤ በቀለሙ ብቻ አለመወሰን፤
• ክዳኑን ከመክፈት በፊት አካባቢውን ከአቧራ ማጽዳት፤
• እሽጉ ካልተከፈተ ዕቃ መጠቀም፤ ተከፍቶ የቆየን ወይም በውኃ ፕላስቲክ የተቀዳን ዘይት አለመጨመር፤
• አምራቹ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በስተቀር ዘይቱን በየ2 ዓመቱ ማስቀየር፤
• የዘይቱ መጠን ከቀነሰ ከመጨመር አስቀድሞ ፍሳሽ መኖሩንና የፍሬን ሸራ ማለቁን ማስፈተሽ፤
• በቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ መውረድ።

የተሳሳተ ዘይት ከተጨመረ ተሽከርካሪውን ማንቀሳቀስ አይገባም። ከላይ ቀድቶ ማውጣትም በቂ ስላልሆነ ሥርዓቱ በባለሙያ ሊታጠብና የተበላሹት ጎሚኒዎች ሊለወጡ ይገባል። የጥገናው ወጪ ቀላል ባይሆንም በተሳፋሪዎችና በእግረኞች ሕይወት ላይ ሊደርስ ከሚችለው ጉዳት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።