ምዕራፍ 4፦ ከድድ እስከ ልብ

ስለ ጥርስ የሚያወራን ምዕራፍ ከልብ መጀመር ግራ ያጋባ ይሆናል፤ ልደታ ላይ ግን ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው በዚህ ክፍለ ከተማ ነው። በግቢው ውስጥ ደግሞ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል አለ፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት ድርጅት ለዓመታት ሲለፋበት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረ ማዕከል ነው። ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆች የበርካታዎቹ ሕመም ከማሕፀን አብሯቸው የመጣ አይደለም። በልጅነታቸው ቶንሲል ታመሙ፣ በወቅቱ አልታከሙም፣ ሰውነታቸው ጀርሙን ሲዋጋ የራሱን ልብ ጎዳ። ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው የልብ በሮች ጠባሳ ያዙ። ይህ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ስድስት ሰባት ሰው በአንድ ክፍል የሚተኛበት ቤት ይመቸዋል፤ ሀብታም አገሮች ውስጥ ከሞላ ጎደል ተረስቷል።

አፍ ወደዚህ ታሪክ የሚገባው ከጠባሳው በኋላ ነው። በአፋችን ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ዓይነት ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ድድ ሲያብጥና ሲደማ፣ ስናኝክ ወይም ስንፍቅ እንኳ ጥቂቶቹ ወደ ደም ይገባሉ። ጤነኛ ልብ ያለው ሰው አይጎዳም፤ ሰውነቱ ብዙ ሳይቆይ ያጠራቸዋል። ጠባሳ ያለበት ወይም በሰው ሠራሽ የተተካ ቫልቭ ላይ ግን ተጣብቀው ሊራቡ ይችላሉ። ኢንዶካርዳይተስ የሚባለው የልብ ኢንፌክሽን የሚነሣው እንዲህ ነው። ለሳምንታት የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ መክሳት ይታያል። ከቫልቩ የተቆረሰ ቅንጣት ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። ምንጩ ሁልጊዜ አፍ ነው ማለት አይደለም፤ አፍ ግን ከታወቁት በሮች አንዱ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ የልብ ሕመምተኛ ከሆነ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የመጀመሪያው ቃልዎ ይኸው ይሁን። ቫልቩ የተተካ ወይም ከዚህ ቀደም ይህ ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ጥርሱ ከመነቀሉ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ፀረ ባክቴሪያ ይሰጠዋል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወስድ ልጅ ከሆነም ይናገሩ፤ የአፉ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን ለምደውት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ከፔኒሲሊን ቤተሰብ ውጭ የሆነ መድኃኒት ይመርጣል።

እንግዲህ ድዱና ጥርሱ መጀመሪያውኑ ለምን ይታመማል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሕዝቡ ንጽሕና አያውቅም» የሚል ነው። ይህን አልቀበልም። ጠዋት በጌጃ ሠፈርም ሆነ በአብነት ስንቱ ሰው መፋቂያ በአፉ ይዞ እንደሚሄድ ያየ ይፈርዳል። የወይራ መፋቂያ በደንብ ከፋቁበት በጥርስ ላይ የሚለጠፈውን ቆሻሻ ያነሣል። የሚጎድለው ፍሎራይድ ነው፤ ጥርስን ከአሲድ የሚያጠነክር ማዕድን።

እዚህ ላይ አገራችን ያለባትን እንግዳ ዕጣ ልንገራችሁ። በስምጥ ሸለቆው፣ በወንጂና በመተሐራ በኩል፣ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይዱ ከመብዛቱ የተነሣ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ሲከፋም አጥንት ያጎብጣል። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የአዲስ አበባ ውኃ ግን ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ልደታ ላይ ፍሎራይድ የሚገኘው በጥርስ ሳሙና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ዘይትና ጤፍ ለመግዛት ሳንቲም የሚቆጥር ቤተሰብ ዘንድ ግን ከመዋቢያ ዕቃ ጋር ይመደባል።

ስኳሩ በተቃራኒው በየሱቁ ደጃፍ አለ። የአንድ ጠርሙስ ኮካ፣ 300 ሚሊ ሊትሩ፣ ወደ 30 ግራም ስኳር ይዟል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢወሰን ይመረጣል ከሚለው 25 ግራም ይበልጣል። ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን በልተው አሲድ ይተፋሉ፣ አሲዱም ጥርሱን ይበላል። ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይከፋል። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበትን ሻይ በአንድ ጊዜ የጠጣና ቀኑን ሙሉ ሲጎነጭ የዋለ ሰው ጥርሳቸው እኩል አይጎዳም። ጫት ሲቅም ለስላሳ የሚያስከትል ሰው ይህን ልብ ይበል።

ጥርሱ ከተቦረቦረ በኋላ ያለው መንገድ ለሁላችንም የታወቀ ነው። መጀመሪያ ቅርንፉድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ። ሽንኩርቱ ድዱን አቃጥሎ ሌላ ቁስል ይጨምራል። ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ፤ ቀናት ሲያልፉና ጨጓራ ሲላጥ ማስታገሻው ራሱ በሽታ ይሆናል። ቀጥሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ፣ ሕመሙ ሲቀል የተቋረጠ አሞክሳሲሊን። መጨረሻ ላይ ማስነቀል፤ ምክንያቱም ማስነቀል ከማስሞላትና ከሥር ሕክምና ይረክሳል፣ የቀን ሠራተኛውም የሚያጣው የአንድ ቀን ደመወዝ ብቻ ነው። ይህ ምርጫ ከድንቁርና የመጣ አይመስለኝም፤ በኪሱ ያለውን አስልቶ የወሰነ ሰው ነው። ዕዳው የሚመጣው በኋላ ነው፤ መንጋጋው የሳሳ ሰው ቆሎና ሥጋ ትቶ ለስላሳ ለስላሳውን ይበላል።

ጥርሱ ሳይነቀል በሥሩ የተቋጠረው መግል ወደ ታች የሚወርድበትም ጊዜ አለ። ከታችኛው መንጋጋ የተነሣ ኢንፌክሽን ከምላስ ሥርና ከአገጭ በታች ሲሰራጭ አንገት ይደነድናል፣ ምላስ ወደ ላይ ይገፋል፣ የአየር መተላለፊያ ይዘጋል። ፊቱ ያበጠ ሰው አፉን መክፈት፣ ምራቁን መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተው ነገ አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

የስኳር በሽታና የድድ በሽታ ደግሞ እርስ በርስ ይመጋገባሉ። ስኳሩ ከፍ ሲል ድድ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል፤ የተቆጣ ድድም ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያሰባሰባቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት የድድ ሕክምና የሦስት ወሩን አማካይ የስኳር ልኬት በ0.4 ፐርሰንት ነጥብ ገደማ ያወርዳል። ኪኒን ለመግዛት ለሚቸገር ሕመምተኛ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

በአልጋ ላይ የዋሉ አዛውንትም አሉ። ያልጸዳ አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች ያመጣል፤ እናትዎን የሚያስታምሙ ከሆነ ገላዋን እንደሚያጥቡ አፏንም ያጽዱላት። ነፍሰ ጡሮች ላይ የድድ በሽታ ያለ ጊዜው ከመውለድ ጋር አብሮ ይታያል፤ ድዱን ማከም ግን ያንን እንደሚያስቀር ጥናቶቹ አላረጋገጡም። የሚደማ ድድን ማከም በእርግዝና ወቅትም ይቻላል፤ «ስወልድ እታከማለሁ» ብሎ መቆየት አያስፈልግም።

ሕፃናት ላይ ግን አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልበል። ተቅማጥና ትኩሳት የያዘው ጨቅላ «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ሲቧጠጥ ወይም ያልበቀለ ጥርሱ ሲወጣለት፣ ተቅማጡ አይድንም። በምትኩ ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ በታች ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። ለተቅማጥ መድኃኒቱ ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ነው።

በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን ሰው የአፍ በሽታ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አስታውቋል። ይህን ያህል ሰው የሚያሳምም ነገር በጤና በጀት ውስጥ እንደ ትርፍ ነገር መታየቱ ያሳዝናል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድናችንም ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም። ለጊዜው በእጅዎ ያለው ይህ ነው፦ የመድን ካርድ ካለዎት ለማስነቀልና ለማስሞላት ምን እንደሚሸፍን ጤና ጣቢያዎን ይጠይቁ፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ገዝተው ማታ ከመተኛትዎ በፊት ይቦርሹ፣ ለልጆች የሩዝ ፍሬ ወይም የአተር ፍሬ የምታክል ይበቃል። ድድዎ ከሁለት ሳምንት በላይ እየደማ ከሆነም እስኪያምዎ አይጠብቁ፤ የድድ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ አያምም።