አወያዮቹ ተማሪዎች

እ.ኤ.አ. በ1987 መጀመሪያ በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ወረቀት ተበተነ፤ በተማሪዎች የሬዲዮ ጣቢያም በጥቁሮች ላይ የሚሳለቅ ቀልድ ተላለፈ። ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ዩኒቨርሲቲው ለውጥ እንዲያደርግ ጠየቁ። ጥያቄው አዲስ አልነበረም። በ1970 ከተደረገው የተማሪዎች አድማ በኋላ ዩኒቨርሲቲው የጥቁር ተማሪዎቹን ቁጥር ከመቶ 10 ለማድረስ ግብ ቢያወጣም፣ ግቡን ሳይመታ ቀርቶ ነበር።

ከዚህ በመነሣት በ1988 የቡድኖችን ግንኙነት የሚመለከት ፕሮግራም ተቋቋመ። ዓላማውም በዘር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በመሳሰለው የሚለያዩ ተማሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው። በአንድ ቡድን የሚገቡት ዐሥራ ጥቂት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ የሁለቱ ወገኖች ቁጥር በተቻለ መጠን እኩል እንዲሆን ይደረጋል። ውይይቱን የሚመሩት መምህራን ሳይሆኑ ከየወገኑ አንዳንድ ሆነው የሠለጠኑ ሁለት ተማሪዎች ናቸው።

አወያይ ለመሆን የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ ራሱን የቻለ ኮርስ ይወስዳል። በመጀመሪያ የሚማረውም ክርክርንና ውይይትን መለየት ነው። ተከራካሪ የሌላውን ስሕተት ፈልጎ ለመርታት ይጥራል፤ ተወያይ ግን የሌላው አሳብ ከምን ዓይነት ኑሮ እንደ መነጨ ለማወቅ ይጠይቃል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ተማሪ ሌላውን የሚያቆስል ቃል ቢናገር አወያዩ ምን ማድረግ ይገባዋል? ቢገሥጸው ተናጋሪው ዳግመኛ አፉን ላይከፍት ይችላል፤ ዝም ብሎ ቢያልፈው ደግሞ የተጎዳው ይርቃል። ስለዚህ አወያዩ ነገሩን ሳይሸፍንና ሳይፈርድ፣ ተናጋሪው ምክንያቱን፣ የተጎዳውም የተሰማውን እንዲገልጽ በጥያቄ መምራትን ይለማመዳል። ለዚህም በራሱ ልብ ውስጥ ያለውን ጥላቻና ፍርሃት አስቀድሞ መመርመር አለበት፤ ከሥልጠናው ሁሉ ከባዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አስቸጋሪ ጉዳዮች በመጀመሪያው ቀን አይነሡም። ተማሪዎቹ በቅድሚያ ይተዋወቃሉ፤ ቀጥለውም የሚያመሳስላቸውንና የሚለያያቸውን ይመረምራሉ። አከራካሪው ነገር የሚነሣው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ በመጨረሻ በጋራ ሊሠሩ ስለሚችሉት ይመክራሉ። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል።

ውይይቱ ፍሬ ማፍራቱን ለማወቅ በ9 ዩኒቨርሲቲዎች የተደረገው ጥናት በ2013 በመጽሐፍ ታትሟል። ካመለከቱት ተማሪዎች ከፊሎቹ በዕጣ ወደ ውይይቱ ገቡ፤ የቀሩት ለማነጻጸሪያ ተያዙ። የገቡት ካልገቡት ይልቅ የሌላውን ችግር የመረዳት ስሜታቸው ጨምሮ ተገኘ፤ ለውጡም ከአንድ ዓመት በኋላ ጨርሶ አልጠፋም። ልብ ማለት የሚገባው ግን ተማሪዎቹ በፈቃዳቸው ያመለከቱ መሆናቸው ነው። ሰውን በግዴታ ሰብስቦ የአንድ ቀን ገለጻ ማድረግ ያንኑ ውጤት ያስገኛል ማለት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ብዝኃነትን የሚመለከት ሥራ በአሜሪካ ብርቱ የፖለቲካ ክርክር አስነሥቷል። ተቃዋሚዎች ሰውን በዘሩ እንዲታይ ያደርጋል ይላሉ፤ ደጋፊዎች ደግሞ መድልዎ ዝም ስለ ተባለ አይጠፋም ብለው ይመልሳሉ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲም በ2025 የብዝኃነትን ጉዳይ በበላይነት ይመራ የነበረውን ጽሕፈት ቤቱን ዘግቷል።