እንግዳ ይዞ ቀጨኔ መውጣት

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ቀጨኔ የሸክላና የሽመና ሙያ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወራረስ የኖረበት ሰፈር በመሆኑ፣ የውጭ አገር ጎብኚዎችም ሆኑ ባሕር ማዶ ተወልደው ያደጉ ኢትዮጵያውያን የባለሙያዎቹን ሥራ በቅርብ ለማየት ወደዚያ ይወጣሉ። እነዚህ እንግዶች ስለ ክትባት፣ ስለ መጠጥ ውሃና ስለ ኪስ አውላቂ አስቀድመው አንብበው ይመጣሉ፤ በሰው ግቢ ውስጥ እንዴት መቆም እንደሚገባ የሚነግራቸው ግን አብሯቸው የሚወጣው የአገሩ ሰው ስለሆነ፣ ጥንቃቄው እንግዳውን ብቻ ሳይሆን አጃቢውንም ይመለከታል።

የአካሉ ጥንቃቄ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ፣ ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው በደረሰ ማግስት ዳገቱን ቢጀምር ትንፋሽ ሊያጥረውና ራሱን ሊያመው ይችላል፤ አንድ ሁለት ቀን አርፎና ውሃ በብዛት ጠጥቶ ቢወጣ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ቁልቁለቱ ስለሚያንሸራትት የማያዳልጥ ጫማ ያስፈልጋል። ቀጠሮ ሲያዝም ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር መንገር ይገባል፤ በኢትዮጵያ ቀኑ የሚቆጠረው ከማለዳ ጀምሮ በመሆኑ፣ ጠዋት 3 ሰዓት የተባለ እንግዳ በእርሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት መሆኑ ካልተነገረው ግራ ይጋባል።

ከባዱ ጥንቃቄ ቃልን የሚመለከተው ነው። ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች አገሩ ያለ እነርሱ እጅ መብላትም መልበስም ማረስም የማይችል ሆኖ ሳለ፣ ለረጅም ዘመን ቡዳ እየተባሉ፣ ማለትም በዓይናቸው ሰው ይጎዳሉ ተብለው እየታሙ፣ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ስለሚያሳይ፣ ዛሬም በጨዋታ መካከል የሚወረወር ቃል ቁስል ሊነካ እንደሚችል አጃቢው መርሳት የለበትም። በተጨማሪም የሰፈሩ ነዋሪዎች ከፊሎቹ የዘር ሐረጋቸውን ከቤተ እስራኤል ጋር ስለሚያያይዙ፣ ይህን የሰማ እንግዳ በቅን ልቦናም ቢሆን ገና በር ላይ ሳለ ስለ ሃይማኖትና ስለ ትውልድ መጠየቅ ይቃጣዋል። ጥያቄው ለጠያቂው እውቀት፣ ለተጠያቂዋ ግን ቤተሰቧ በጥንቃቄ የያዘው ጉዳይ ነውና እርሷ ካላነሳችው አለማንሳት ተገቢ ነው።

በሸክላ ሠሪዋ ግቢ እግርም ዓይንም ሥርዓት አላቸው። ሥራው ያለ ማሽከርከሪያ በእጅ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ ሴትዮዋ ጭቃውን በመዳፏ እየሳበችና እየዳሰሰች የጀበናውን ሆድ ካቆመች በኋላ አንገቱን ታወጣለች፤ የተሠራውም ዕቃ ጠንክሮ ለእሳት እስኪደርስ በግቢው ውስጥ ይደረደራል። ያልደረቀ ጀበና በጣት ጫፍ ቢነካ እንኳ ቅርጹ ስለሚበላሽ፣ እንግዳው በተመራበት መሄድና ሳይፈቀድለት ምንም አለማንሳት አለበት። ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው፤ በሥራ ልብሷ፣ እጇ በጭቃ ተለውሶ ሳለ መታየት የማትፈልግ ሴት አልፈልግም ካለች በገንዘብ ማግባባት ነውር ነው። ዋጋ መከራከር የገበያ ልማድ ቢሆንም፣ ጭቃውን ማስመጣቱ፣ ማገዶው፣ በእሳት ውስጥ የሚሰነጠቀው ሁሉ ከዚያች አነስተኛ ዋጋ ላይ የሚወጣ በመሆኑ እስከ መጨረሻው መጫን አይገባም።

ቡና ከተፈላ አቦል፣ ቶናና በረካ የተባሉት ሦስቱ ዙሮች እስኪያልቁ መቀመጥ ይጠበቃል፤ የቸኮለ አስቀድሞ ይናገር እንጂ በአቦል አይነሳ። ሲኒውን በቀኝ እጅ ወይም በሁለት እጅ መቀበል አክብሮት ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55ቱን ቀናት ሥጋና ወተት የማይቀርብበት ቤት ብዙ ስለሆነ፣ ስጦታ ይዞ የሚሄድ ሰው ቀኑን ያስተውል። ወደ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የሚዘልቅ እንግዳ ደግሞ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጫማውን ያወልቃል፤ ሴቶች ነጠላ ይከናነባሉ።

አዲስ የተገዛ ጀበና ለመንገድ በልብስ ተጠቅልሎ በእጅ ሻንጣ ቢያዝ ከስብራት ይድናል። ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል ወይም ሥዕል ግን ከሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይገኝ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ጀበናው የእንግዳው አገር ሲደርስም በቀጥታ ለቡና አይጣድም፤ የአፈርና የጭስ ጣዕሙ እስኪለቀው ድረስ ውሃና የቡና አተላ እየተጨመረበት፣ በመጠነኛ እሳት ደጋግሞ እየተፈላ መሟሸት አለበት፤ ቀዝቃዛውን ሸክላ በጋለ ምድጃ ላይ በድንገት ማስቀመጥ ይሰነጥቀዋልና ይህን ሻጯ ራሷ ለገዢው እንድታስረዳው አጃቢው በማስተርጎም ሊረዳት ይገባል።