በእናት ዐይን ውስጥ የሚታይ የወርቅ ነጸብራቅ

ጅብ፣ ድመትና ከብት በሌሊት ብርሃን ሲወድቅባቸው ዐይናቸው እንደ ፍም የሚያበራው፣ ሬቲና ከሚባለው ብርሃን ተቀባይ የዐይን ክፍል በስተኋላ አንጸባራቂ ሽፋን ስላላቸው ነው። ሊቃውንት ይህን ሽፋን በላቲን ታፔተም ይሉታል፤ ትርጓሜውም ምንጣፍ ነው፤ ኢጣልያንኛ የሚያውቅ አንባቢ ታፔቶ ከሚለው ቃል ጋራ ያለውን ዝምድና ወዲያው ያስተውላል። በሰው ዐይን ውስጥ ይህ ምንጣፍ የለም። ነገር ግን ፎልስና ኮተርማን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 እንደ ገለጡት፣ በአንዳንድ ሴቶች ሬቲና ላይ ይህንኑ የሚመስል የወርቅ ነጸብራቅ ይታያል።

ሴቶቹ ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶዛ የተባለው በሽታ በዘር የሚተላለፍባቸው ቤተ ሰቦች ልጆች ናቸው። በሽታው በወንዶቹ ላይ ከልጅነት በዳፍንት ይጀምራል፤ ቀጥሎም የዕይታው ዳርቻ እየጠበበ ሰውየው በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚመለከት ይሆናል፤ ብዙዎቹም ገና በጕልማሳነታቸው ብርሃናቸውን ያጣሉ። በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው ዳፍንት በምግብና በመድኀኒት ይድናል፤ ይህኛው ግን ጉበት ቢበሉለት አይመለስም። ሁለቱን አለመለየት ብዙ ዓመት ያስጠፋል።

ጕድለቱ ያለው ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ አንድ ብቻ ስላለው ጕድለቱን የሚሸፍንለት የለም፤ ሴት ግን ሁለት አላት። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ላየን በ1961 እንዳስረዳችው፣ በሴት ልጅ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ከሁለቱ አንደኛው ዝም ይላል፤ ስለዚህ የተሸካሚዋ ሬቲና ደኅነኛውና ጕድለተኛው እንደ ጥልፍ የተቀላቀሉበት ነው።

በናይሮቢ ከኬንያታ ሆስፒታል በማይርቀው፣ ሐኪም ቤቶችና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በሁርሊንግሃም ሰፈር የሚኖር ቤተ ሰብ ሲመሽ የሚደናቀፍ ወንድ ልጅ ቢኖረው፣ ልጁ ሲመረመር እናቲቱ በውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ መቅረት አይገባትም። ሐኪሙ የእርሷንም ብሌን በጠብታ አስፍቶ ይመልከት። ከዕይታው መካከል ወደ ዳር የሚዘረጋ ወርቅማ ጨረር ቢያገኝ የበሽታውን መንገድ ዐወቀ ማለት ነው። ነጸብራቁ ባይታይ ግን ነጻ ናት አያሰኝም፤ ብዙ ተሸካሚዎች ምልክቱ የላቸውምና። ያን ጊዜ የሚፈርደው የደም ምርመራ ነው፤ ከሚመረመሩት ዘሮች ዋናው አር.ፒ.ጂ.አር. በ1996 ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ነገሩ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ጎጆ ይገባል። እናት ልጇን አሳወረች ተብላ ልትወቀስ አይገባም፤ ያወረሰችውን ያላወቀች ናትና። ከተሸካሚ እናት የሚወለድ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም፣ እያንዳንዷም ሴት ልጅ ተሸካሚ የመሆን ዕድላቸው እኩሌታ ነው። የታመመ አባት ለወንዶች ልጆቹ አያወርስም፤ ሴቶች ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚዎች ናቸው። ስለዚህ ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅ ሽማግሌ ሳይላክባት ነገሩ አስቀድሞ ለእርሷ ለራሷ ይነገራት፤ ለማን እንደምትገልጠው የምትወስነው እርሷ ናት። የእናቲቱም እኅቶች፣ ወንዶች ልጆቻቸው ገና በምሽት አጥርተው የሚያዩ ቢሆኑም እንኳ፣ መመርመር ይገባቸዋል።