የካፒቴን ኔሞ መርከብና ፊልሙ ያስቀረብን ሰው

የካፒቴን ኔሞ ሰርጓጅ መርከብ ናውቲለስ መጀመሪያ የምትታየው እንደ አውሬ ነው። በጨለማ ባህር ላይ ዓይኖቿ እያበሩ፣ ጀርባዋን ከውሃው በላይ ትንሽ ብቅ አድርጋ ወደ አንድ መርከብ ትገሰግሳለች። ተመልካቹ ያየው ነገር ብረት መሆኑን የሚረዳው ቆይቶ ነው። የዋልት ዲስኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ለእይታ ያቀረበው «ሃያ ሺህ ሊግ ከባህር በታች» ከሰባ ዓመት በኋላም ሳያረጅ የቀረው ከሁሉ በላይ በዚህች ማሽን ምክንያት ነው። በርዕሱ ያለው ቁጥር የጉዞው ርቀት ነው፤ ወደ 80,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ፊልሙን ዳግም ሳየው በሐሳቤ የነበሩት የኩሌ ሰዎች ናቸው። ኩሌ በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ ያለ የስደተኞች መጠለያ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ድንበር ተሻግረው ለመጡ፣ በአብዛኛው ኑዌር ለሆኑ ሰዎች በ2014 ተከፈተ። በተከፈተበት ዓመት እዚያ የተወለደ ልጅ ዛሬ አሥር ዓመት አልፎታል። ከየትኛውም ባህር ለራቀ ቦታ የባህር ፊልም ምን ይረባዋል ለሚል ሰው መልሴ ካፒቴኑ ነው። ካፒቴን ኔሞ አገሩን ያጣ ሰው ነው። ፊልሙ ግን ይህን ሰው ያሳየን በግማሹ ነው።

አስቀድመን ማሽኗን እንያት። ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቨርን ልቦለዱን ያሳተመው በ1869 እና 1870 ነው። ሰርጓጅ መርከብ ያኔም ነበረ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በየካቲት 1864፣ ሀንሊ የተባለች ሰርጓጅ አንዲት የጠላት የጦር መርከብ አስጥማለች፤ ስምንቱም ሰዎቿ አብረዋት ሰጥመው ቀርተዋል። ሀንሊን የሚያንቀሳቅሳት የሰው ክንድ ነበር፤ ሰዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ዘንጉን በእጃቸው ያዞሩ ነበር። ቨርን ያንን ጠባብና ገዳይ ነገር ወስዶ 70 ሜትር ርዝመት፣ ከውፍረቷ ላይ 8 ሜትር ወርድ፣ 12,000 መጻሕፍት ያሉበት ቤተ መጻሕፍትና አንድ ትልቅ ኦርጋን ሰጠው።

አሠራሯንም በዝርዝር አስቦበታል። አካሏ አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ ድርብ ብረት ነው። መውረድ ስትፈልግ ታንኮቿን በባህር ውሃ ትሞላለች፤ ስትከብድ ትሰጥማለች። መውጣት ስትፈልግ ፓምፖቹ ውሃውን መልሰው ያስወጣሉ። በግራና በቀኝ ያሉት ክንፎች ዘንበል ሲሉ ደግሞ ፕሮፔለሩ እየገፋት ሽቅብ ወይም ቁልቁል ትሄዳለች። ዛሬ በየባህሩ ያሉት ሰርጓጆች የሚወርዱትና የሚወጡት በመሠረቱ በዚሁ መርህ ነው። ጉልበቷ ኤሌክትሪክ ነው፤ ለባትሪዎቿ የሚያስፈልገው ሶዲየም የሚገኘው ከባህር ውሃ ነው። ኔሞ ክፍሎቿን ለምን እንደሚፈልጋቸው ለማንም ሳይናገር አንዱን ከፈረንሳይ፣ አንዱን ከእንግሊዝ፣ አንዱን ከፕሩሲያ፣ አንዱን ከስዊድን አዘዘ፤ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ገጣጠማትና ደሴቲቱ ላይ የቀረውን ምልክት ሁሉ በእሳት አጠፋ።

የቨርን ናውቲለስ እንደ ሲጋራ የሾለችና ልሙጥ ናት። ለፊልሙ የነደፋት ሃርፐር ጎፍ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። በታሪኩ መርከበኞች አውሬ ናት ብለው ከፈሯት፣ ስትታይም አውሬ መምሰል አለባት ብሎ ከሻርክና ከአዞ ወሰደ። ጀርባዋ ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ሹል ብረት አስኬደ፤ መስኮቶቹን ዓይን አደረጋቸው፤ ብረቱንም ሪቬቱ በጉልህ እንዲታይ አድርጎ ሻካራ አድርጎ ተወው። በጋምቤላው የባሮ ወንዝ ዳር አዞ እያየ ያደገ ሰው ይህችን መርከብ ሲያይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፊልሙ በልዩ ትዕይንትና በሥነ ጥበብ ዝግጅት ሁለት ኦስካር አግኝቷል፤ ጎፍ ግን የሙያ ማኅበሩ አባል ስላልነበረ ስሙ በሽልማቱ ላይ አልሰፈረም። ይህ ዛሬም ያናድደኛል፤ ከዚያ ወዲህ በፊልም የታዩ ስንት ሰርጓጆች የእርሱ ልጆች ናቸው።

ፊልሙ በጉልበቷም ላይ ለውጥ አድርጓል። ጄምስ ሜሰን የሚጫወተው ኔሞ የሞተሩን ክፍል በመርከቧ ላይ ለያዘው ለፕሮፌሰር አሮናክስ ሲያሳይ የሚያበራው ነገር ምን እንደሆነ በስም አይጠራውም፤ የ1954 ተመልካች ግን አቶም መሆኑን ወዲያው ገብቶታል። በዚያው ዓመት ጥር ወር አሜሪካ የዓለምን የመጀመሪያ የኑክሌር ሰርጓጅ ውሃ ላይ አውርዳ ነበር፤ ስሟም ናውቲለስ ነው። ያቺ እውነተኛዋ ናውቲለስ ነሐሴ 3 ቀን 1958 በበረዶው ሥር በሰሜን ዋልታ አለፈች።

ፊልሙን አይተው የማያውቁ ሰዎች እንኳ የሚያውቁት ትዕይንት ከግዙፉ ስኩዊድ ጋር የሚደረገው ውጊያ ነው። መጀመሪያ የተቀረጸው በረጋ ባህር ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር። ያልሆነ ነገር ሆነ። የስኩዊዱን ክንዶች የሚያንቀሳቅሱት ሽቦዎች ይታዩ ነበር፤ በዚያ ጸጥታ መሐል አውሬው ላስቲክ መሆኑ ከማንም አይሰወርም ነበር። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፍላይሸርና ዲስኒ ሥራውን አቁመው፣ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው እንደገና ሠሩት፤ በዚህ ጊዜ ግን ሌሊት፣ በማዕበልና በዝናብ መሐል። ማዕበሉ ሽቦውን ደበቀ፤ ጨለማው ላስቲኩን ሥጋ አስመሰለው። የፊልም ሥራ መማር ለሚፈልግ ወጣት ይህን አንድ ትዕይንት ደጋግሞ ከማየት የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ፍላይሸር የፖፓይን ካርቱን ያዘጋጅ የነበረው፣ የዲስኒ ተፎካካሪ የማክስ ፍላይሸር ልጅ ነው፤ በ1966 ደግሞ አንድ ሰርጓጅ ተኮማትራ በሰው ደም ሥር የምትጓዝበትን «ፋንታስቲክ ቮዬጅ» የሠራው እርሱ ነው።

ወደ ካፒቴኑ እንምጣ። በፊልሙ ኔሞ ሩራ ፔንቴ ከምትባል የግዞት ደሴት ያመለጠ እስረኛ ነው፤ የዕውቀቱን ምስጢር ሊያወጡ ሚስቱንና ልጁን አሰቃይተው ገደሉበት። አገሩ የት ነው? አይነገረንም። ቨርን በመጀመሪያ ያሰበው ቤተሰቡን በሩሲያ ወታደሮች ያጣ የፖላንድ ሰው ነበር፤ አሳታሚው ሄትዘል የሩሲያ ገበያ እንዳይዘጋበት ስለፈራ አስተወው። በ1875 ባለቀው በሌላው ልቦለዱ በ«ምስጢራዊው ደሴት» ግን ቨርን እውነቱን ገለጠ፦ ኔሞ ህንዳዊ ነው፣ ልዑል ዳካር። በ1857 ህንዶች በእንግሊዝ ላይ ሲነሱ ተዋግቶ፣ ተሸንፎ፣ ቤተሰቡን አጥቶ ወደ ባህር የገባ ሰው። አውሮፓ ሄዶ የተማረውን ሳይንስ ይዞ፣ ከአውሮፓ ፋብሪካዎች በገዛው ብረት፣ የአውሮፓ መንግሥታት የማይደርሱባትን መርከብ ሠራ። በመጀመሪያው መጽሐፍም ፍንጩ አለ። ኔሞ ሲሎን አጠገብ ከሻርክ ላዳነው ድሃ ህንዳዊ ሉል ጠላቂ ከረጢት ሙሉ ሉል ይሰጠዋል፤ በቱርክ አገዛዝ ላይ ለተነሱ የቀርጤስ ሰዎችም ወርቅ ይልካል።

ከዚህ ሁሉ በፊልሙ ውስጥ ምንም የለም። የቀረው አገር የሌለው ቂም ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ልቦለዱ ናውቲለስን ወደ ቀይ ባህር የሚያስገባት በየካቲት 1868 ነው። በዚያው ወር ከህንድ በመርከብ የተጫነው የጄኔራል ናፒየር ጦር፣ ህንዳውያን ወታደሮች ጭምር፣ ከዙላ ወደ መቅደላ እያቀና ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሞቱ። የኔሞ ጠላትና የመቅደላው ጦር ባለቤት አንድ መንግሥት ነው።

የፊልሙ ትልቁ ነውር ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። በኒው ጊኒ አካባቢ ከፕሮፌሰሩ ጋር የተያዘው ዓሣ ነባሪ አዳኝ ኔድ ላንድ፣ ማለትም ከርክ ዳግላስ፣ ወደ ደሴት ወጥቶ ጥቁር ሰዎች ሲያሳድዱት እናያለን፤ ሰው በላ ናቸው ተብሏል። ኔሞ የመርከቧን አካል በኤሌክትሪክ ሲያስነዝራቸው እየዘለሉ ባህር ይገባሉ፤ ተመልካችም እንዲስቅ ይፈለጋል። መጽሐፉም ውስጥ ተመሳሳይ ትዕይንት አለ፤ ግን ኔሞ እዚያ አረመኔነት በሁሉም ምድር እንዳለ፣ እነዚህም ከሌላው እንደማይብሱ ለፕሮፌሰሩ ይነግረዋል። ፊልሙ ሳቁን ያዘና ይህን ጣለ። ይህን ፊልም ለልጆች የሚያሳይ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ቆም ብሎ ቢያወያያቸው እመርጣለሁ።

በባሮም ላይ የብረት መርከብ ለንግድ ይመላለስ የነበረው በዚያው በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ነበር። በግንቦት 1902 አፄ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ ተፈቀደ። ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ጋምቤላ ላይ ነው። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከቦች እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፣ ቡና ይጭኑ ነበር፤ ውሃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። ሱዳን ነፃ ስትወጣ፣ በ1956፣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከባሮ ዳር ሆኖ የእንግሊዝን መርከብ ያየ ትውልድ፣ ብረቱ በሌላ ሰው እጅ ቢሆን ብሎ ያሰበ ሰው አላጣም ብዬ አምናለሁ። ቨርን በልዑል ዳካር ያሰበው ይህንኑ ነው።

ኔሞ ንጹሕ ሰው አይደለም። ለጥይት መሥሪያ የሚሆን ማዕድን የጫነ መርከብ ከነሰዎቹ ያሰጥማል። በፊልሙ ኔድ ላንድ የኔሞን መደበቂያ ደሴት አድራሻ በጠርሙስ እየከተተ ባህር ላይ ይጥላል፤ የጦር መርከቦቹ ይመጣሉ፤ ኔሞ ተመትቶ ከሰዎቹና ከናውቲለስ ጋር ይጠፋል። ከጦርነት የሸሸ ሰው ኔሞ ትክክል ነበር ወይ ብሎ ሲከራከር፣ ክርክሩ ከእኛ ይልቅ የእርሱ ነው።

ስለዚህ ፊልሙን ለኩሌ ወጣቶች ለማሳየት የሚያስብ አስተማሪ ቢኖር፣ የ«ምስጢራዊው ደሴት»ን ታሪክ አብሮ እንዲተርክላቸው እለምነዋለሁ። በዚያ መጽሐፍ አምስት ሰዎች በ1865 ከአሜሪካው ጦርነት በፊኛ ሸሽተው ሰው አልባ ደሴት ላይ ይወድቃሉ። የሸመገለው ኔሞ ብቻውን ቀርቶ በደሴቲቱ ሥር ባለ ዋሻ ከመርከቧ ጋር ይኖራል። ሳይታይ መሣሪያና ልብስ የሞላ ሳጥን ያስቀምጥላቸዋል። ከመካከላቸው ታናሹ፣ ኸርበርት የተባለው ልጅ፣ በወባ ሊሞት ሲል ደግሞ ሌሊት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ኪኒን አኑሮ ይወጣል። ልጁ ዳነ።