የጨረቃ ብርሃን በአራት ቀለም

የዘይት ቀለም ውድ ነው፤ የሠልጣኝ ኪስ ሙሉ ሣጥን መግዛት አይችልም። ሆኖም ከቡታጅራ ብዙ ሳይርቅ ያለውን የሐረ ሸይጣን ሐይቅ በጨረቃ ለመሳል ሰማያዊ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ቢጫና ነጭ ይበቁናል። በሌሊት ዓይናችን ቀለም መለየት ያዳግተዋልና።

በመጀመሪያ ሰማያዊውንና ቡናማውን ቀላቅለን፣ በተርፐንታይን አቅጥነን፣ ሐይቁን የከበበውን ገደል እንቀባለን። ዘይት የበዛበት ቀለም ምን ጊዜም ከላይ ይሁን፤ አለዚያ ሥዕሉ ይሰነጠቃል።

ነጩን ለመጨረሻ እናቆየው። የመጀመሪያው ሥዕላችን የተበላሸው ነጭ ስላበዛን ነው፤ ያየው ሁሉ «ፀሐይ ናት እንዴ?» አለን። ለጨረቃዋ ነጩ ላይ ቢጫ ጠብ እናድርግበት። ውኃው ላይ የሚታየው ብርሃኗ ደግሞ በትክክል ከሥሯ፣ ቁርጥርጥ ያለና ከእርሷ ደብዘዝ ያለ ይሁን።

ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ቀለም ላይኖረው ይችላል። በጥቂቱ መሥራትን ከአሁኑ ካልለመድን ተማሪዎቻችንን በምን እናስተምራለን?