የቀድሞ ዘመን ካሜራ፤ አሰባሰቡና አሠራሩ

ሰዎች ያለፈን ዘመን ዕቃ የሚሰበስቡት እንደየዝንባሌያቸው ነው። አንዱ ቴምብር፣ ሌላው ሳንቲም፣ ሦስተኛው ደግሞ የቆዩ መጻሕፍትን ይሰበስባል። የፊልም ካሜራ ሰብሳቢ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚለይበት ነገር አለ። ቴምብር በአልበም፣ ሳንቲምም በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ለብዙ ዘመን ሳይበላሽ ሊቆይ ይችላል። ካሜራ ግን በውስጡ የሚንቀሳቀሱ ብዙ ክፍሎች ያሉት መሣሪያ ስለሆነ ሳይሠራበት ከቆየ ቅባቱ ይደርቃል፤ መዝጊያውም ይከብዳል። ነገሩ ሳይታረስበት እንደሚዝግ ማረሻ ነው። ስለዚህ ካሜራን መሰብሰብና በካሜራ መሥራት አይነጣጠሉም። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን ላይካ የተባለውን የጀርመን ካሜራና እርሱን መስለው የተሠሩትን እንመልከት። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ወደ መስክ ሲወጣ ከባድ ካሜራ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና የመስተዋት ሰሌዳዎች ይሸከም ነበር። በቬትስላር ከተማ በኤርንስት ላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ የአስም ሕመም ስለነበረበት ይህ ሸክም ከበደው። ከዚህም የተነሣ 35 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የሲኒማ ፊልም በትንሽ ካሜራ ውስጥ ለመጠቀም አሰበ። የሲኒማው አንድ ምስል 18 በ24 ሚሊሜትር ነበር፤ ባርናክ ግን ፊልሙ ወደ ጎን እንዲሄድ አድርጎ ምስሉን 24 በ36 ሚሊሜትር አደረገው። የመጀመሪያው ናሙና እስከ 1914 ድረስ ተሠርቶ ነበር፤ ሆኖም ካሜራው በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ለሕዝብ የቀረበው በ1925 ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ የምስል መጠን በብዙ አገሮች የተለመደ ሆነ።

መልካም ሥራ አስመሳይ አያጣም። በ1934 በካርኪቭ ከተማ፣ በወጣቶች የሥራ ማኅበር ውስጥ፣ የላይካን አሠራር የተከተለ ፌድ የተባለ ካሜራ በብዛት መሠራት ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ዞርኪ የተባለው ተከተለው። እነዚህ በራሳቸው ስም የተሠሩ ጠንካራ ካሜራዎች ናቸው። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው፤ የላይካ ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ አንዳንድ ሰዎች የእነዚህን ካሜራዎች ስም ፍቀው የላይካን ስም ቀረጹባቸው። በ2022 ባርናክ ራሱ ይጠቀምበት የነበረ አንድ ላይካ በጨረታ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ ማውጣቱን ያስታወሰ ሰው፣ አታላይ ለምን እንደሚደክም ይገባዋል። ሐሰተኛውን ለመለየት ሌንሱን ፈትቶ ውስጡን ማየት ይጠቅማል። ርቀት መለኪያውን ከሌንሱ ጋር የሚያገናኘው ክፍል በላይካ ላይ ክብ መንኰራኵር ነው፤ በፌድና በዞርኪ ላይ ግን ሾጠጥ ያለ ብረት ነው። ስም በቀላሉ ይቀረጻል፤ ውስጣዊ አሠራር ግን በቀላሉ አይለወጥም።

ካሜራው እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ከመግዛት በፊት ሦስት ነገሮችን መመርመር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሌንሱን በብርሃን ፊት አቅንቶ ማየት ነው፤ እርጥበት ባለበት ቦታ የቆየ ሌንስ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ያበቅላል። ሁለተኛ፣ የጨርቅ መጋረጃ ያለውን መዝጊያ መፈተሽ ነው፤ ሌንሱ ሳይከደን ወደ ፀሐይ ዞሮ የተቀመጠ ካሜራ መጋረጃው ተቃጥሎ ሊበሳ ይችላል፤ በዚያች ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ፊልሙን ሁሉ ያበላሻል። ሦስተኛ፣ መዝጊያውን በልዩ ልዩ ፍጥነት እየከፈቱ ማዳመጥ ነው፤ በዝግታው ፍጥነት ተንቀራፍፎ የሚቆም ከሆነ ጠጋኝ ያስፈልገዋል። በእነዚህ የቆዩ ላይካዎች ላይ ደግሞ ፍጥነቱ የሚመረጠው ፊልሙ ከተጠቀለለ በኋላ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ብዙዎቹ የቀድሞ ካሜራዎች ብርሃን መለኪያ የላቸውም። ቢሆንም ብርሃንን በዓይን መገመት ይቻላል። ደመና በሌለበት ብሩህ ቀን የብርሃኑ ቀዳዳ 16 ቍጥር ላይ ይደረግና የመዝጊያው ፍጥነት ከፊልሙ የንቃት ቍጥር ጋር እንዲቀራረብ ይደረጋል፤ ይኸውም ፊልሙ 100 ከሆነ ፍጥነቱ የሰከንድ አንድ መቶኛ ገደማ ይሆናል። ሰማዩ ሲደምን ቀዳዳው ወደ 8 ይሰፋል። እዚህ ላይ ቍጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው የሚሰፋ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በአንድ ጥቅልል ላይ የሚነሡት ምስሎች 36 ብቻ ስለሆኑ፣ አንሺው ከመጫኑ በፊት ማሰብን ይማራል።

ምስሉ ወዲያው አይታይም። በፊልሙ ላይ በጄላቲን ውስጥ የተበተኑት የብር ጨው ቅንጣቶች ብርሃን ሲነካቸው ይለወጣሉ፤ ለውጡ ግን ለዓይን የተሰወረ ነው። ፊልሙ በጨለማ ውስጥ በማጠቢያው ኬሚካል ሲነከር ብርሃን የነካው ቅንጣት ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል፤ ሁለተኛው ኬሚካል ደግሞ ብርሃን ያልነካውን ጨው አሟሙቶ ያስወግደዋል። ከዚያ በኋላ በንጹሕ ውኃ በሚገባ መታጠብ አለበት፤ በፊልሙ ላይ የሚቀር ኬሚካል ምስሉን ከዓመታት በኋላ ያበላሸዋልና። በደንብ ታጥቦ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ የተቀመጠ የጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ግን አንሺው ካለፈ በኋላም ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

የዚህ ሙያ ትልቁ ሥጋት ግን የካሜራው ማርጀት አይደለም። ኮዳክሮም የተባለው ስመ ጥር የቀለም ፊልም ሥራው በ2009 ቆመ፤ ፊልሙን ያጥብ የነበረው የመጨረሻው ቤትም በ2010 መጨረሻ ላይ መቀበሉን አቆመ። ከዚያ በኋላ በሰዎች እጅ የቀረ ያልታጠበ ጥቅልል በታቀደለት ቀለም ሊወጣ አልቻለም፤ ካሜራዎቹ ግን ደኅና ነበሩ። ከዚህ እንደምንረዳው መሣሪያን በሕይወት የሚያቆየው ብረቱ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሥራና ዕውቀት ነው። ፊልም የሚገዛ፣ የሚያጥብና መዝጊያ የሚጠግን ሰው እስካለ ድረስ የባርናክ ካሜራ ይሠራል፤ እነዚህ ሲጠፉ ግን በውድ ዋጋ የተገዛው ካሜራ እንኳ የመደርደሪያ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።